ዛፍ ላይ ያለ ሰው አይጠራም

በሪሶን መሬት ላይ ያየ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አጭር ነው፤ እግሮቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ሲራመድ እንደ ዳክዬ ይወዛወዛል። ገበያ መንገድ ላይ ሴቶቹ፣ «አያ በሪሶ፣ ዛሬም ምድር ጠበበችህ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም፣ «ምድርማ የናንተ ናት፤ የኔ ቤት ላይ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። እውነቱን ነው። ያ ጠማማ እግር ግንድ ሲነካ ሌላ እግር ይሆናል። ስልሳን የተሻገረ ሰው ዋንዛ ላይ ሲወጣ ብታዩት እጃችሁን በአፋችሁ ትጭናላችሁ።

ሥራው ዛፍ መመልመል ነው። ቅርንጫፍማ ማን ያቅተዋል የሚል ይኖራል፤ ይሞክረዋ! እኛ ጌዴኦዎች መሬታችን ጠባብ ነው። ከታች ጎመኑና ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር፣ ከሱ በላይ ቡናው፣ ከቡናው ጎን እንሰቱ፣ ከሁሉም በላይ ብርብራውና ዋንዛው ተደራርበው ይኖራሉ፤ እኛም ከሥራቸው። ጥላው ከበዛ ቡናው አያፈራም፤ ከሳሳ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ለቀማ ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ አንድ ሰው ወጥቶ ለሰማዩ ልክ የሆነ ቀዳዳ መክፈት አለበት። የሚቆረጠው ቅርንጫፍ የበሬ ያህል ይከብዳል፤ እንዲሁ ከለቀቁት የስንት ዓመት ቡና ሰባብሮ ያርፋል። በሪሶ ከላይኛው ባላ ጋር በገመድ ያስረዋል፤ መጀመሪያ ከሥሩ፣ በታችኛው ጎኑ፣ ይከትፈዋል፣ ቀጥሎ ከላይ ይቆርጠዋል፤ ገመድ ያዡ ከታች ሆኖ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ቅርንጫፉ ምድር ሲደርስ አንድ የቡና ቅጠል አይረግፍም።

ይህን ያስተማረው አጎቱ ዎራሳ ነበር። ዎራሳ አንድ ቀን ብርብራ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲቆርጥ፣ ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣችና፣ «ኧረ ውረድ፣ ቆጮው ቀዘቀዘ!» ብላ ጠራችው። ዞር አለ። በቃ፣ ያ ነው። በሪሶ ያኔ ጢሙ ያላቆጠቆጠ ገመድ ያዥ ነበር፤ አጎቱ እግሩ ሥር ነው የወደቀው። ከዚያ ወዲህ በአገራችን መልማዮች ዘንድ ደንብ ሆነ፦ ዛፍ ላይ ያለ ሰው አይጠራም። የሚነገረው ነገር ካለ ግንዱ በገጀራ ጀርባ ይመታል፤ ላይ ያለው በእግሩ ይሰማዋል፣ ሥራውን ያቆማል፣ ያኔ ይወራል። በሪሶ ለዚህ ደንብ ወገን አያውቅም። አንዴ የቀበሌው ሊቀመንበር ከታች ሆነው ስለ ስብሰባ ቢጮሁበት ወርዶ፣ «ጌታው፣ ስብሰባ ሊጠሩ ነው ወይስ ቀብር ሊጠሩ ነው የመጡት?» አላቸው። እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

ልጁ አንድ ነው፤ ጅግሶ። እናቱ ሕፃን ሳለ ሞተችና በሪሶ ብቻውን አሳደገው። ቅርጫት ውስጥ አስተኝቶት ዛፍ ይወጣ ነበር፤ ከፍ ሲል ደግሞ ገመድ ያዥ አደረገው። መውጣት ግን አላስተማረውም። ልጁ ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ «አንተ ፊደል ቁጠር፤ እዛ ላይ ያለውን ሞት እኔ እበቃዋለሁ» ይለው ነበር። ጅግሶ እንግዲህ ሙያውን ከታች ወደ ላይ አንጋጥጦ ነው ያየው። ከታች ሲታይ መጥረቢያው ከላይ ሲወርድ እንጂ ከሥር ሲከተፍ አይታይም።

ጅግሶ ሲያገባ በሪሶ መሬቱን ከፈለለት፤ ከጅረቱ ማዶ ያለውን፣ ትልቋ ዋንዛ ያለችበትን ወገን ሰጠው። እኛ ዘንድ አባት መሬት ሲሰጥ ከነዛፉ ነው። ከሰጠ በኋላ ደግሞ ሳይጠራ አጥሩን አያልፍም፣ ስለ ዛፉም አይናገርም። በሪሶ የመጀመሪያውን ጠበቀ፤ ሁለተኛው አቃተው።

ጠቡ የመጣው በጫት ነው። ከኛ በላይ ዳገቱ ላይ ያሉት ጎረምሶች፣ እነ ኡዴሳ፣ ጥላቸውን አውርደው ጫት ተክለው ነበር። ጫት ፀሐይ ይወዳል፤ መኪናው ደጅ ድረስ መጥቶ ይጭነዋል። ጅግሶ ያን እያየ እንቅልፍ አጣ። አንድ ማለዳ ቡና ለቀማ ላይ ሳሉ ተነፈሰው።

«አባዬ፣ ዋንዛውን ልጥለው ነው።»

«ምን በደለህ?»

«አይበላ፣ አይጠጣ! ቡናው እንደሆነ አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይነሳል። እነ ኡዴሳን አላየሃቸውም? ቤታቸውን በቆርቆሮ ለበጡት።»

«እነ ኡዴሳን ሐምሌ ሲመጣ ጠይቃቸው። ወንዙ ቀይ ሆኖ ሲወርድ የሚሄደው የነሱ ማሳ ነው።»

«አንተ ምን አለብህ! ዕድሜ ልክህን የሰው ዛፍ ላይ ተንጠልጥለህ ያተረፍከው አንድ ገመድና አንድ ገጀራ!»

ለቃሚዎቹ ሴቶች ሁሉ ሰሙት። ሰው ፊት ባይሆን ኖሮ በሪሶ ስቆ ያልፈው ነበር፤ አውቀዋለሁ። ቅርጫቱን ቁጭ አደረገና፣ «እዛች ዋንዛ ላይ ብረት ያነሳህ ቀን አንተም አባት የለህም፣ እኔም ልጅ የለኝም» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! በማግስቱ ቃሉን ሊመልስ ፈልጎ ነበር፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጸሎት ቤት እንኳ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ነበር የሚቀመጡት፤ ፓስተሩ «ወንድማችሁን ሰላም በሉ» ሲሉ ሁለቱም አጠገባቸው ያለውን ጨብጠው ይወጣሉ። በመካከል የምትመላለሰው የጅግሶ ሚስት ብርቄ ብቻ ነበረች። ከቆላ ነው የመጣችው፤ የዛፍ ነገር አታውቅም፤ ሰው ግን ታውቃለች። ሕፃን ልጇን አዝላ ጅረቱን ትሻገርና ቆጮና ጎመን ታስቀምጥለታለች።

«አባባ፣ ይብሉ ብሏል።»

«እሱ ነው ያለው?»

«ታዲያ ማን ሊል ነው?»

ጅግሶ እንዲያ አላለም። በሪሶም አላመናትም፤ ግን ይበላል።

በዚያው ሰሞን ከከተማ አንድ ማህበር መጣ። ጥላውን ላልቆረጠ ገበሬ ቡናውን በተሻለ ዋጋ የሚወስድ ነጋዴ ያገናኛል፤ ጥላው ለሳሳበት የዋንዛና የብርብራ ችግኝ ያድላል። ሰናይት የምትባል ባለሙያቸው በሪሶን ዛፍ ላይ ባየችው ቀን ሌላ ሰው አልፈለገችም። «አባቴ፣ ወጣቶቹን ያስተምሩልኝ» አለችው። በሪሶ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ አያያዙን፣ አቆራረጡን፣ የገመዱን ነገር ያሳይ ጀመር። ሰው ግን ክፉ ነው። «ለጎረቤት ልጅ ጥላ መጠበቅ ያስተምራል፣ የገዛ ልጁ ዋንዛውን ሊጥል መጥረቢያ ይስላል» አሉት፤ ያውም እየሰማ። በሪሶ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ቤቱ ገብቶ፣ «እግዜር ልጄን ቢመልስልኝ ዋንዛዋም ትውደቅ» ብሎ ማልቀሱን ብርቄ አይታለች። ለጅግሶ ነገረችው? ነግራዋለች እንጂ፤ ምን ዓይነት ሴት ናትና!

የካቲት ነበር። በሪሶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ከእንሰት ቃጫ ገመድ ሲገምድ ከጅረቱ ማዶ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ። ዋንዛ መሆኑን ለማወቅ ሁለተኛ መስማት አላስፈለገውም።  «ጣላት» አለ ለራሱ። ተነሳ፣ ተቀመጠ። አልተጠራም፤ ምን ብሎ ይሂድ? ደግሞስ ያ ክፉ ቃል አለ፤ ዛሬ ሄዶ ቢያየው ልጅ የለኝም ሊል ነው?

ቆይቶ ግን ጆሮው ሌላ ነገር ነገረው። ድምፁ ከመሬት አይደለም፤ ከላይ ነው። ዛፍ የሚጥል ሰው ግንዱን ነው የሚመታው፤ እዛ ላይ ምን ያደርጋል? ደግሞ ቅርንጫፍ ሲወድቅ አይሰማም፤ የገመድ መንቋቋት ነው የሚሰማው። በሪሶ ገጀራውን አንስቶ ጅረቱን ተሻገረና አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ደንብ ነው።

ያየውን ማመን አቃተው። ዋንዛዋ ቆማለች። ጅግሶ ላይዋ ላይ ነው። አናቷን ሳይነካ፣ ከጎን ከጎን አሳስቷታል፤ ፀሐይ በቀዳዳው እየሾለከ ቡናው ላይ ተረጭቷል። ገመዱን እሚይዝለት ሰው ስለሌለ ከአንድ ብርብራ ግንድ ጋር ጠምዝዞ አስሮት፣ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ እየወረደ ነበር የሚለቀው። መንገዱን የሞሉት ቅርንጫፎች ሥር አንድ ቡና አልተሰበረም። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ በላስቲክ የታቀፉ ችግኞች ተደርድረዋል፤ የማህበሩ ችግኞች ናቸው። በሪሶ የገዛ እጁን ሥራ በልጁ እጅ አየው። 

ብርቄ አየችውና እየሳቀች ወደ አጥሩ ሮጠች።

«አባባ! ቸኮሉ እኮ! ጨርሼ ነው የምጠራው ብሎ ነበር። ማህበሩ ጋ ተመዝግበናል፤ ጫቱን ትቶታል። ይግቡ እንጂ፣ ምን ይገትርዎታል!»

«ልግባ?»

«ኧረ በሞቴ! ቤትዎ አይደል እንዴ!»

ገባ። ከዚያ ቀና አለና ጅግሶ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ትልቁ ቅርንጫፍ ሲዞር አየ። ሲያስረው አየ፤ መጥረቢያውን ሲያነሳ አየ፤ ከላይ ሲመታ አየ። ከሥር አልከተፈውም። ያን የሚያህል ቅርንጫፍ ከሥሩ ሳይከተፍ ከላይ ከተቆረጠ በገዛ ክብደቱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ወደ ግንዱ ይሮጣል፣ የተሰነጠቀውም ወደ ላይ ይዘላል። ትንንሾቹ ችለውት ነበር። ይሄ አይችልም። ጅግሶ ደግሞ የቆመው ልክ ስንጥቁ በሚሮጥበት በኩል ነው።

ብርቄ ይህን አታውቅም። ደስታው ነው የያዛት። አባቱ መምጣቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች፦ «ጅግ—»

በሪሶ አፏን በመዳፉ ያዘ።

ሌላ ምን ያድርግ? አጎቱን ነው ያየው። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረውን ነው ያደረገው። «ዝም! እንዳትጠሪው!» አላት በጆሮዋ፤ እሷም ዝም አለች። ከዚያ ግንዱን በገጀራው ሊመታ ሮጠ። መንገዱን የተቆረጡት ቅርንጫፎች ዘግተውታል፤ በእንሰቱ በኩል ዞረ። ጠማማ እግሩ መሬት ላይ አይረዳውም፤ ወደቀ፣ ተነሳ። መጥረቢያው ከላይ ይመታል፣ ይመታል፣ አሁንም ይመታል። ግንዱን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ዋንዛዋ ጮኸች።

ጅግሶ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው ቃሬዛ እንኳ አላስፈለገውም፤ የተሰነጠቀው ቅርንጫፍ እዚያው ጨርሶት ነበር።

ለቅሶው አገር ያጥለቀለቀ ለቅሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሪሶን ከበው፣ «አንተ ደንቡን ጠብቀሃል፤ የቀረው የእግዜር ነው» አሉት። «ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ ይኸው አንተ እንኳ ለልጅህ ብለህ ደንብ አላፈረስክም» ያለም ነበረ፤ ማመስገኑ ነው እንግዲህ! በሪሶ ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው። እነሱም ተጽናና ብለው ተበተኑ።

ቅርንጫፉ ግን በልጡ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። ከሥሩ ብርቄ ትመላለሳለች፣ ሕፃን አለ፤ ማውረድ የሚችል ደግሞ ከሱ በቀር የለም። ወጣ። ገመዱን ተማሪዎቹ ያዙለት። ላይ ሲደርስ ልጁ የቆመበትን ባላ አየ። ሰፊ ነው፤ ሁለት እግር ዘርግቶ ያስቆማል። አጠገቡ ደግሞ ክንድ የሚታቀፈው ቅርንጫፍ አለ፤ ልጡ በብብት ታሽቶ ለስልሷል። ጅግሶ ይዞት ነበር ማለት ነው። ከዚህ ቦታ ሰው በድንጋጤ አይወድቅም። ፍየልም አይወድቅም። ዎራሳ የወደቀው በአንድ እግሩ ስለቆመ ነው፤ ይሄ ልጅ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ነበር። ቢጠራ ኖሮ ዞር ብሎ፣ «አቤት» ይል ነበር።

በሪሶ እዛ ላይ ብዙ ቆየ። ከታች ያሉት ጨነቃቸው፤ ግን መጥራት አይቻልም። ግንዱን መቱለት። ሥራውን ጨርሶ ወረደና ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ማስተማሩን ተወ። ሰናይት ሁለቴ መጣች። «አባቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ግን ወጣቶቹ ያለ እርስዎ እየወጡ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይወድቅብን» አለችው። «ልጄን ያላስተማርኩትን ለማን ላስተምር?» አላት። እሷም አለቀሰች እንጂ አልተሟገተችውም።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ያዘ። የጅግሶ ችግኞች አጥሩ ሥር እንደተደረደሩ ሥራቸው ከላስቲኩ አልፎ መሬት ይዞ ነበር። ብርቄ መጣች።

«አባባ፣ ላስቲኩ ውስጥ ሊሞቱ ነው። እንትከላቸው።»

ሄደ። እሷ ትቆፍራለች፣ እሱ ላስቲኩን ቀዶ ያስቀምጣል፤ ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። እንዲህ ሲሠሩ ብዙ ቆዩ። ብርቄ ከስታ ነበር፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። መቆፈሯን ሳታቆም ተናገረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«ያን ቀን ብጠራው ኖሮ ደንግጦ ይወድቅ ነበር፤ አይደል?»

በሪሶ ችግኙን እንደያዘ ቆመ። ይህቺ ልጅ እውነቱ ይገባታል ብሎ አሰበ። መደበቁ ደግሞ ሰልችቶታል፤ ብቻውን ተሸክሞት ከርሟል፤ አንድ ሰው ቢረግመው፣ ቢተፋበት፣ ትንሽ የሚቀልለው መስሎታል። ሽማግሌ ሆኖ ይህን አለማወቁ!

«አይወድቅም ነበር» አላት። «እግሩ ደህና ቦታ ነበር። ብትጠሪው ዞር ብሎ ያይሽ ነበር፤ እኔንም ያየኝ ነበር፤ መጥረቢያውን ያስቀምጥ ነበር። ቅርንጫፉ ገና ልጡ መላጡ ነበር፣ ጊዜ ነበረው። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ብርቄ። በዚች እጄ ነው የገደልኩት።»

ብርቄ አልጮኸችም። መቆፈሪያውን ቀስ ብላ አጋደመችና ጉድጓዱን ትመለከት ጀመር። ዝናቡ ከቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ቢዋሹኝ ምን ነበረበት፣ አባባ?»

«ጠየቅሽኛ፣ ልጄ።»

«እውነቱን አልጠየቅኩዎትም። አዎ ይወድቅ ነበር እንዲሉኝ ነው የጠየቅኩዎት።» ጭቃውን ከእጇ ጠረገች። «በየሌሊቱ እኮ የምተኛው እሱን ብዬ ነው፤ ብጠራውም ይወድቅ ነበር እያልኩ። አሁን ምን ብዬ ልተኛ? እጅዎን መንከስ እችል ነበር። ጥርስ አለኝ፤ ገፍትሬዎት መጮህ እችል ነበር። እርስዎን አምኜ ዝም አልኩ። እኔም አብሬ ገደልኩታ!»

«አንቺማ ምንም አላደረግሽም!» አለ በሪሶ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ምን አውቀሽ! የኔ ነው፣ የኔ ብቻ ነው» እያለ ጉልበቷን ሊይዝ ወደ ጭቃው ዝቅ አለ።

«ይተዉኝ» አለችው። «የርስዎ ብቻ ሊያደርጉት ከፈለጉ ባይነግሩኝ ነበር የሚሻለው።»

ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። ብርቄ ነጠላዋን አጥብቃ እያባበለቻት ወደ ቤቱ ሄደች፤ በሩንም ዘጋችው። በሪሶ ከጭቃው ተነስቶ የቀሩትን ችግኞች ብቻውን ተከላቸው።